ሦስት ጥያቄዎችና አንድ ንጉሥ
(የዐፄ ገላውዴዎስ ሕይወት በአጭሩ)



ባለፈው ዓመት በዐቢይ ጾም ወራት በምንማርበት ዩኒቨርሲቲ መኝታ ክፍል ውስጥ አንድ ሌሊት በክርክር አሳለፍን። ክርክሩን ያነሣው ከእኛው ጋር የሚያድር፥ ከወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት የአንዱ አባል የሆነ ጓደኛችን ነው። የድሬዳዋ ሙቀት በሚበረታበት ቀን ቀዝቃዛ ውኃ ገዝቶ ለሁላችን የሚያመጣ ደግ ልጅ ስለሆነ፥ ነገሩን በክፋት እንዳላነሣው እናውቃለን። ክርስቲያኖች ስንሆን ቅዳሜን ስለ ምን እንደምናከብር፥ ስለ ምን እንደምንገረዝ፥ የእሪያ ሥጋስ ስለ ምን እንደማንበላ ጠየቀን። ጠይቆም አልቀረ፤ መጽሐፍ ቅዱሱን ገልጦ ከገላትያ መልእክት፥ ከቆላስይስ መልእክት፥ ከሐዋርያት ሥራም ዐሥራ አምስተኛ ምዕራፍ እየጠቀሰ አነበበልን።

እኛ በዚያ ክፍል አራት ነበርን። አራታችንም ከሕፃንነታችን ጀምሮ በሰንበት ትምህርት ቤት ያደግን፥ መዝሙሩን በቃላችን የምናውቅ ነን። ነገር ግን የአባቶቻችን ሥርዓት ነው ከማለት በቀር የምንመልሰው አልነበረንም። አንዱ ድምፁን ከፍ አደረገ፤ አንዱ ተቈጥቶ ብርድ ልብሱን ተከናንቦ ተኛ። ከአራታችን አንዱ ግን ከዚያች ሌሊት ወዲህ ከእሑድ ጉባኤ መቅረት ጀመረ፤ ዛሬም በመካከላችን የለም። በመሄዱ ብቻ አይደለም ያዘንነው። ከመሄዱ በፊት ሁለት ጊዜ መጥቶ እነዚያኑ ጥያቄዎች ለብቻችን ጠይቆን ነበር፤ ሁለቱንም ጊዜ በሌላ ወሬ አሳለፍነው።

ኋላ በትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት ያገኘነው ነገር አሳፈረንም፥ አስደሰተንም። እነዚያ ሦስት ጥያቄዎች አዲስ አይደሉም። ከአራት መቶ ስድሳ ዓመት በፊት አንድ በአንድ ለአንድ የኢትዮጵያ ንጉሥ ቀርበው ነበር፤ ንጉሡም ሳይቈጡ፥ ከመጽሐፍ እየጠቀሱ፥ በጥቂት ገጾች መልሰዋል። እኒህም ዐፄ ገላውዴዎስ ናቸው። ስለዚህ በዚህ ወር ጽሑፋችን ሕይወታቸውን ለመተረክ ወሰንን። ለእኛ ለድሬዳዋ ልጆች ደግሞ ታሪካቸው የሩቅ አገር ታሪክ አይደለም፤ ለምን እንዲህ እንዳልን ወደ መጨረሻው ትደርሱበታላችሁ።

ገላውዴዎስ የዐፄ ልብነ ድንግልና የእቴጌ ሰብለ ወንጌል ልጅ ሲሆኑ የተወለዱት በ1514 ዓ.ም. ገደማ ነው። በቤተ መንግሥት ተድላ ያደጉበት ዘመን ጥቂት ነው። ሰባት ዓመት ያህል ሲሆናቸው፥ በመጋቢት 1521 ዓ.ም.፥ አባታቸው በሽምብራ ኵሬ በኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ጦር ድል ሆኑ። (ብዙ መጻሕፍት ግራኝ እያሉ ይጽፏቸዋል። እኛ ግን በአንድ ግቢ፥ በአንድ ቀበሌ፥ በአንድ የትምህርት ክፍል ከሙስሊም ወንድሞቻችን ጋር የምንኖር ነንና ወገኖቻቸው በሚጠሯቸው ማዕረግ መጥራቱን መረጥን።) ከዚያ በኋላ አገሪቱ ዐሥራ አራት ዓመት በጦርነት ነደደች። አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፤ ስንት ዘመን በብራና የተጻፉ መጻሕፍት ዐመድ ሆኑ። ታላቅ ወንድማቸው ፊቅጦር በጦር ሜዳ ወደቁ፤ ታናሹ ሚናስ ተማርከው ባሕር ተሻግረው ወደ የመን ተወሰዱ። አባታቸውም ከአምባ ወደ አምባ ሲሸሹ ኖረው በመስከረም 1533 ዓ.ም. በደብረ ዳሞ ዐረፉ። ያን ጊዜ ገላውዴዎስ አጽናፍ ሰገድ ተብለው ነገሡ። ዕድሜያቸው ዐሥራ ስምንት ወይም ዐሥራ ዘጠኝ ነበረ። እንግዲህ ከመካከላችን በዚህ ዕድሜ ያለ ሰው ራሱን ይመዝን፤ እኛ በዚያ ዕድሜ የመጀመሪያ ዓመት ፈተና ከብዶን ወደ ቤት ስልክ እየደወልን ነበር።

የጦርነቱን ነገር ሌሎች በሰፊው ጽፈውታልና በአጭሩ እናልፈዋለን። ዐፄ ልብነ ድንግል በሕይወት ሳሉ የላኩት የእርዳታ ጥያቄ ፍሬ አፍርቶ፥ በ1533 ዓ.ም. ክረምት አራት መቶ የፖርቱጋል ወታደሮች በክርስቶፎር ዳጋማ መሪነት በምጽዋ በኩል ወደ አገራችን ገቡ። እቴጌ ሰብለ ወንጌል ከደብረ ዳሞ ወርደው ተቀበሏቸው። በሚቀጥለው ዓመት ክረምት፥ ከኦቶማን ቱርኮች ነፍጠኛ ያገኙት ኢማም አሕመድ ፖርቱጋሎቹን በወፍላ ድል ነሥተው መሪያቸውን ክርስቶፎርን ማርከው ገደሉት። የቀሩት ከንጉሡ ጋር ተቀላቀሉ፤ በየካቲት 1535 ዓ.ም. በወይና ደጋ በተደረገው ውጊያ ኢማሙ ወደቁ፤ ሠራዊታቸውም ተበተነ። የኢማሙ ልጅ መሐመድ ተማርኮ ስለ ነበር፥ እቴጌይቱ በእርሱ ለውጥ ልጃቸውን ሚናስን ከስደት አስመለሱ።

ወጣቱን ንጉሥ ከጦርነቱ በኋላ የጠበቃቸው ሥራ ግን ከጦርነቱ የሚቀል አልነበረም። በእነዚያ ዓመታት ከሕዝቡ ብዙው፥ አንዳንዱ ተገዶ፥ አንዳንዱም ወዶ፥ ሃይማኖቱን ለውጦ ነበር። አሁን ሲመለስ ምን ይደረግ? በሰይፍ የሚበቀል ንጉሥ ቢሆኑ ኖሮ አገሩ ዳግመኛ በታረደ ነበር። የተመረጠው መንገድ ንስሐ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ከሃይማኖት ወጥቶ የተመለሰውን ሰው የምትቀበልበት መጽሐፈ ቄድር አገልግሎት ላይ የዋለበት ታሪክ ከዚህ ዘመን ጋር የተያያዘ ነው። ቄድር የተጠመቀን ሰው ስንቶቻችን አይተናል? አይተንም ከሆነ ከየት እንደ መጣ የጠየቅን ጥቂቶች ነን።

በዚህ ዘመን ከንጉሡ ጎን ከነበሩት ሊቃውንት አንዱ አባ ዕንባቆም ናቸው። እኚህ አባት ትውልዳቸው የመን፥ ቤተሰባቸውም ሙስሊም ነበረ። ወደ ኢትዮጵያ መጥተው ክርስትናን ተቀብለው ደብረ ሊባኖስ ገቡ፤ በመጨረሻም እጨጌ ሆኑ። በጦርነቱ መካከል ለኢማም አሕመድ አንቀጸ አሚን የሚባለውን መጽሐፍ ጻፉ፤ በውስጡም ስለ ክርስትና የሚከራከሩት ቁርኣንን ራሱን እየጠቀሱ ነው። በ1545 ዓ.ም. ደግሞ በንጉሡ ዘመን በራላምና ይዋሰፍ የተባለውን መጽሐፍ ከዐረብኛ ወደ ግእዝ መለሱ። ከማን ጋር እንደሚከራከሩ የሚያውቁ፥ የተከራካሪያቸውንም መጽሐፍ ያነበቡ ሰው ነበሩ። እኛ በዚያች ሌሊት የጓደኛችንን መጽሐፍ ይቅርና የራሳችንንም ከፍተን እንዳላየን ስናስበው ፊታችን ይቀላል።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር እንግባ። የፖርቱጋሎች እርዳታ ያለ ዋጋ አልመጣም። ከእነርሱ ጋር ዡዋን ቤርሙዴዝ የተባለ ሰው ነበረ፤ እርሱም በሮም ፓፓ የኢትዮጵያ ፓትርያርክ ሆኜ ተሹሜአለሁ እያለ፥ ንጉሡ ለሮም እንዲገዙ ይጠይቅ ነበር። ገላውዴዎስ የዋሉላቸውን ውለታ አልካዱም፤ ለወታደሮቹ ርስት ሰጧቸው፥ ሃይማኖታቸውንም እንደ ልማዳቸው እንዲይዙ ተዉአቸው። ጵጵስናውን ግን አልተቀበሉም፤ እንደ ጥንቱ ከእስክንድርያ ጳጳስ አስመጡ። ከባድ ውሳኔ ነው። ገና ትናንት ሕይወታቸውን ከሰጡላቸው ሰዎች ጋር በሃይማኖት አንለያይም ማለት ቀላሉ መንገድ ነበረና።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። በ1547 ዓ.ም. ጎንሳሎ ሮድሪጌዝ የተባለ የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ወደ ንጉሡ መጣ። በዚያው ዓመት የማኅበሩ መሥራች አግናጥዮስ ዘሎዮላ ራሱ ለገላውዴዎስ ደብዳቤ ጽፎላቸው ነበር። በ1549 ዓ.ም. ደግሞ ጳጳሱ አንድሬስ ዴ ኦቪዬዶ ከጥቂት ባልንጀሮቹ ጋር ገባ። ክርክሩ በንጉሡ ፊት ይደረግ ነበር። ኢየሱሳውያን ራሳቸው ወደ አገራቸው በጻፉት እንደምንረዳው፥ ንጉሡ ክርክሩን ለሊቃውንቱ ብቻ አይተዉም፤ ራሳቸው ገብተው ይከራከራሉ፥ በመጽሐፍ ዕውቀታቸውም አስቸጋሪ ተከራካሪ ነበሩ። ሃይማኖታቸውን ሊያስለውጥ የመጣ ሰው የሰጠው ምስክርነት ነውና ከዘመድ ምስጋና ይበልጥ እናምነዋለን።

አውሮፓውያን በኢትዮጵያውያን ላይ ያቀርቡት ከነበረው ክስ ዋናው አይሁዳዊ ልማድ ትይዛላችሁ የሚል ነው። ንጉሡ ለዚህ በሰኔ 1547 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቈጣጠር 1555) በዳሞት ምድር ሆነው የሃይማኖት መግለጫቸውን በግእዝ ጻፉ። ጽሑፉ አጭር ነው፤ በአንድ ቁጭታ ይነበባል። መጀመሪያ ስለ ሥላሴና ስለ ጌታችን ሰው መሆን፥ ስለ ስቅለቱና ስለ ትንሣኤው፥ ስለ ዳግም ምጽአቱ ያምናሉ። ከዚያ የሐዋርያትን፥ የቅዱስ ጳውሎስን፥ በኒቅያ፥ በቍስጥንጥንያና በኤፌሶን የተሰበሰቡትን አባቶች ትምህርት ይዘው እንደሚሄዱ ይናገራሉ። እስከዚህ ድረስ ከሳሾቹም ቢሆኑ ብዙ የሚነቅፉት አያገኙም። ከዚያ በኋላ ነው ሦስቱ ጥያቄዎች የሚመጡት።

ስለ ቅዳሜ የሰጡት መልስ፥ በዕለቱ ማክበርና በአከባበሩ መካከል ልዩነት በማድረግ ነው። አይሁድ በዚያች ቀን ውኃ አይቀዱም፥ እሳት አያነድዱም፥ ወጥ አይሠሩም፥ እንጀራ አይጋግሩም፥ ከቤት ወደ ቤት አይሄዱም፤ እኛ ግን ቍርባን በማቅረብና ነዳያንን በማብላት እናከብራታለን ይላሉ። ለዚህም ዲድስቅልያን ይጠቅሳሉ። እሑድ ደግሞ የጌታ ትንሣኤ ቀን ስለ ሆነች ቅዳሜን ከእርስዋ ጋር እኩል አያደርጓትም። ስለ ግዝረት ሲመልሱ የጳውሎስን ትምህርት ይዘው፥ መገረዝም አለመገረዝም ለድኅነት እንደማይጠቅም ያምናሉ፤ የእኛ ግዝረት የአገር ልማድ ነው፥ በኢትዮጵያና በኖባ ፊትን እንደ መተልተል፥ በህንድም ጆሮን እንደ መብሳት ያለ ነው ይላሉ። ስለ እሪያ ሥጋም የሙሴ ሕግ ስላሰረን አይደለም የማንበላው፤ የሚበላውን አንጸየፍም፥ የማይበላውንም ብላ ብለን አናስገድድም ብለው፥ ወደ ሮሜ መልእክት ይመራሉ። ዐሥራ አራተኛውን ምዕራፍ ማለታቸው እንደ ሆነ ያነበበ ሰው ወዲያው ያውቃል።

ይህን ስናነብ መጀመሪያ የገረመን፥ ጓደኛችን እኛን ዝም ያሰኘበትን የጳውሎስን ቃል ንጉሡ ለመልሳቸው መሠረት ማድረጋቸው ነው። ከገላትያ መልእክት አልሸሹም፤ ገብተውበት ወጡ።

ነገር ግን የወደድነውን ብቻ እየነገርን እንዳንታማ፥ ያላመነውንም እንናገር። ስለ አይሁድ የጻፉት ቃል የዘመኑ ጭካኔ አለበት፤ ዛሬ እንደዚያ ልንጽፍ አይገባንም። ደግሞ ንጉሡ ግዝረትን ከጆሮ መብሳት ጋር ሲያስተካክሉ፥ የሕዝባቸውን ስሜት በሙሉ ተናግረዋል ብለን አናስብም። ወንድ ልጅ በስምንተኛው ቀን እንዲገረዝ የሚጠነቀቁት አያቶቻችን ነገሩን ተራ ልማድ ነው ቢሏቸው ይቈጣሉ። ለውጭ ሰው ሲመልሱ በቤት ውስጥ ያለውን ክብደት ትንሽ አቅልለውታል። የቅዳሜም ነገር ቢሆን በአገራችን ያለ ክርክር የመጣ አይደለም። የአቡነ ኤዎስጣቴዎስ ደቀ መዛሙርት ሁለቱን ሰንበታት ስላከበሩ ብዙ ዘመን ተሰድደዋል፤ ነገሩ የተቈረጠው በ1442 ዓ.ም. በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ፊት ነው። ዛሬ በአንድ ቃል የአባቶቻችን ሥርዓት የምንለው፥ አባቶቻችን መቶ ዓመት ያህል የተከራከሩበት ነው።

የንጉሡ ጽሑፍ ኦቪዬዶን አላረካውም። በ1551 ዓ.ም. ንጉሡ ከመሞታቸው ጥቂት ቀደም ብሎ ኢትዮጵያውያንን ከሃድያንና ተገንጣዮች የሚል ጽሑፍ አወጣ። ገላውዴዎስ ግን አልገደሉትም። ከስድሳ ዓመት በኋላ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ይኸው ክርክር በጽሑፍ መሆኑ ቀርቶ በዐዋጅና በጦር ሲሆን፥ ወንድም ወንድሙን በአንድ ቀን በሺህ እየቈጠረ ገደለ፤ ንጉሡም በ1624 ዓ.ም. ዐዋጃቸውን መልሰው ዙፋናቸውን ለልጃቸው ለፋሲል ለቀቁ። ሁለቱን ዘመናት አስተያይቶ ማንበብ ልብ ይነካል።

የገላውዴዎስ ጽሑፍ በ1661 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር፥ ከአባ ጎርጎርዮስ ግእዝ የተማረው ጀርመናዊው ሊቅ ኢዮብ ሉዶልፍ ከላቲን ትርጉም ጋር በለንደን ከታተመው መጽሐፉ ጋር አወጣው። ስለዚህ የእኛ ንጉሥ መልስ በአውሮፓ ቤተ መጻሕፍት ከሦስት መቶ ስድሳ ዓመት በላይ ሲነበብ ኖሯል። በእኛ መኝታ ክፍል ግን አልነበረም።

አሁን ወደ አገራችን ወደ ምሥራቅ እንመለስ። ኢማም አሕመድ ሲወድቁ ባለቤታቸው ባቲ ድል ወንበራ ወደ ሐረር ሸሽተው ነበር። የኢማሙ የእኅት ልጅ አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ ሊያገቧቸው ሲፈልጉ፥ የባላቸውን ደም እንዲመልሱላቸው እንደ ጠየቋቸው ይነገራል። በ1551 ዓ.ም. ንጉሡ ዘመዳቸውን ሐመልማልን ወደ ሐረር አዘመቱት፤ እርሱም ከተማይቱን ያዘ፥ የወላስማ ዘር የመጨረሻው ሱልጣን በረከትም በዚያ ሞቱ። ኑር ግን በሌላ በኩል ንጉሡ ወዳሉበት ወደ ፈጠጋር ገስግሰው ነበር። መጋቢት 27 ቀን ጸሎተ ሐሙስ ነበረ። በዚያች ቀን ዐፄ ገላውዴዎስ በሠላሳ ሰባት ዓመታቸው ገደማ በጦር ሜዳ ወደቁ። ወንድ ልጅ አልነበራቸውምና ወንድማቸው ሚናስ ነገሡ። ሬሳቸው ራሳቸው ባሠሯት በተድባበ ማርያም ተቀበረ።

ራሳቸው ግን ተቈርጦ ወደ ሐረር ሄደ። በእንጨት ላይ ተሰቅሎ ሦስት ዓመት ያህል እንደ ቈየ፥ ኋላም አንድ ነጋዴ ገዝቶ ወደ አንጾኪያ ወስዶ በስመ ሞክሼያቸው በሰማዕቱ ገላውዴዎስ መቃብር እንዳኖረው ይነገራል። ስለ አሚር ኑርም ደግሞ፥ ድሉን ለፈጣሪያቸው ሰጥተው ያለ ጌጥ በአህያ ተቀምጠው ወደ ከተማቸው ገቡ የሚል ትረካ አለ። ሁለቱንም ትረካ ጎን ለጎን አስቀመጥናቸው፤ ሁለቱም የእኛ አገር ናቸውና።

በዘንድሮ ክረምት ከድሬዳዋ ተነሥተን በደንገጎ አቀበት፥ በሐሮማያ በኩል ሐረር ሄደን ነበር። አሚር ኑር ያሠሩትን የጀጎልን ግንብ ዙሪያውን በእግራችን ዞርነው። መሪያችን የሐረር ልጅ የሆነ ሙስሊም የክፍል ጓደኛችን ነበረ፤ የአሚሩን መቃብር አሳየን፥ ታሪካቸውንም እያደነቀ ተረከልን። እኛም የገላውዴዎስን ራስ ነገር አነሣንለት። ጥቂት ዝም ብሎ ያ እንጨት የት ተተክሎ እንደ ነበረ ጠየቀን። አናውቅም፤ እርሱም አያውቅም። ሻይ ጠጥተን ተመለስን።

ያን የመጀመሪያውን፥ ሦስቱን ጥያቄዎች ያነሣብንን ልጅም አገኘነው። የንጉሡን መልስ በአማርኛ አጠር አድርገን ጽፈን ሰጠነው፤ ሁለት ጊዜ አነበበው። በግዝረትና በእሪያ ሥጋ በተሰጠው መልስ ብዙም አልተከራከረም። በቅዳሜው ግን አልረካም፤ ንጉሡ የጠቀሱት ዲድስቅልያ ምን መጽሐፍ እንደ ሆነ፥ ማንስ እንደ ጻፈው፥ የእርሱ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ለምን እንደሌለ ጠየቀን። በስሙ እንጂ አንብበነው አናውቅም ነበር። አሁን አንድ ቅጂ በውሰት አግኝተን ዐርብ ዐርብ ማታ እናነባለን፤ አንዳንድ ቀን እርሱም እየመጣ ይቀመጣል። ከመካከላችን ለተለየው ወንድማችንም የሚነበብበትን ክፍልና ሰዓቱን በወረቀት ጽፈን ልከንለታል።